የተሸፈነ ጭረትና የጠፋ ጭረት

1. ጥቁሩ አውቶሞቢል

በአዲስ አበባ ከተማ አንድ የአውቶሞቢል ቀለም ባለሙያ ነበረ። እጁ የረጋ፥ ዓይኑ የነቃ፥ ቃሉም የታመነ ሰው ስለ ነበረ፥ ብዙ ሰዎች ከሩቅ ሰፈር ሳይቀር አውቶሞቢላቸውን ወደ ጋራዡ ያመጡለት ነበር። ከእርሱም ጋራ ሙያውን የሚማር አንድ የ16 ዓመት ልጅ ነበረ። ልጁ ታዛዥና ብልህ ነበር፤ ነገር ግን አንድ ጉድለት ነበረበት፤ ይኸውም ችኮላ ነው። ሥራው ቶሎ ማለቁን እንጂ ደኅና ሆኖ መሠራቱን አይመለከትም ነበር።

ባለሙያውም ሁልጊዜ፦ «ልጄ፥ አቧራ ማለት የደቀቀ አሸዋ ነው። አሸዋም ከቀለም ይልቅ ጠንካራ ነው። ስለዚህ አቧራ ባለበት ላይ ደረቅ ጨርቅ አታሳልፍ። ብታሳልፍ ግን የወለወልህ ይመስልሃል እንጂ መፋቅህ ነው» እያለ ይመክረው ነበር። ልጁም፦ «እሺ ጋሼ» ይላል፤ ምክሩ ግን ከጆሮው አልፎ ወደ ልቡ አይገባም ነበር።

በግንቦት ወር፥ በሰርግ ሰሞን፥ የአንድ ሽማግሌ ነጋዴ ጥቁር አውቶሞቢል ወደ ጋራዡ መጣ። እሑድ የነጋዴው ልጅ ሰርግ ነበረና ሙሽሮቹ የሚሄዱበት ይህ አውቶሞቢል ታጥቦ፥ ሰም ተቀብቶ፥ እንደ መስተዋት እንዲያበራ ታዘዘ። ያመጣውም የነጋዴው ሾፌር ነበር። ይህ ሾፌር በአውቶሞቢሉ ላይ የወፍ ኩስ እንኳ ቢያይ ሳያጥበው የማያድር ጠንቃቃ ሰው ነበረ። አውቶሞቢሉን ባስረከበ ጊዜ እርሱና ባለሙያው በዙሪያው አብረው እየዞሩ ተመለከቱት፤ አንዲት ጭረት እንኳ አልተገኘችበትም።

ከዚህ በኋላ ባለሙያው ሰም ሊገዛ ወደ መርካቶ ሄደ። ሲሄድም ልጁን፦ «አስቀድመህ በብዙ ውሃ እጠበው፤ እኔ እስክመለስ ድረስ ሌላ ነገር አታድርግ» ብሎ አዘዘው። ነገር ግን በዚያ ሰዓት የቧንቧው ውሃ ተቋርጦ ነበር። በጓሮው በርሜል ሙሉ ውሃ ነበረ፤ ከዚያ በባልዲ እየቀዱ ማመላለስ ግን ድካም ነው። ልጁም በልቡ፦ «አቧራውን በጨርቅ ባነሣው ምን ይሆናል? ውሃው ሲመጣ አጥበዋለሁ» አለ። ከመሬት ወድቆ የነበረ ጨርቅ አነሣና አንድ ጊዜ አራገፈው። ከዚያም ኮፈን የሚባለውን የሞተሩን ክዳን፥ ጣራውንና አንዱን በር እጁን እያዞረ ቶሎ ቶሎ ወለወለው።

ውሃው በመጣ ጊዜ አጠበው፤ አደረቀውም። ወዲያው ፀሐይ ከደመና ብቅ አለች፤ ልጁም ደነገጠ። በኮፈኑ ላይ በምትታየው በፀሐይዋ ምስል ዙሪያ የሸረሪት ድር የሚመስሉ ቀጫጭን ነጫጭ ጭረቶች ክብ ሠርተው ታዩ። በበሩም ላይ ከሌሎቹ ይልቅ ረዘም ያለች አንዲት ጭረት ነበረች። በሳሙና ቢያጥባቸው አልለቀቁም፤ በጣቱም ቢያሻቸው አልጠፉም።

በመደርደሪያው ላይ ጭረትን የሚሸፍን ቅባት በጠርሙስ ተቀምጦ ነበር። ልጁ ይህን ቅባት ቀብቶ በስላሳ ጨርቅ ቢያሸው ጭረቶቹ ሁሉ ከዓይን ተሰወሩ። ባለሙያው ሲመለስ ቀኑ መሽቶ ነበር። በጨለማ ውስጥ አውቶሞቢሉ ሲያበራ ባየ ጊዜ፦ «ጎበዝ!» አለው፤ ሰሙንም በላዩ ቀባው። በማግሥቱ ሾፌሩ መጥቶ አየና እጅግ ደስ ብሎት ለልጁ ጉርሻ ሰጠው። ልጁም ተቀበለ፤ በዚያም ብር ጫማ ገዛ።

2. ጥቁር ቀለም ጭረትን ስለ ምን ይገልጣል

የልጁ ሥራ ምን እንደ ሆነ ለማወቅ የአውቶሞቢል ቀለም እንዴት እንደ ተሠራ ማወቅ ያስፈልጋል። የአውቶሞቢል ቀለም ከሩቅ ሲያዩት አንድ ይመስላል፤ ነገር ግን አንድ በአንድ ላይ የተደረበ ልብስ ነው። ከሁሉ በታች ብረቱ አለ። በብረቱ ላይ ዝገትን የሚከለክለው የመጀመሪያው ቅብ ይቀባል። በእርሱ ላይ ጥቁር ወይም ቀይ ወይም ሌላው ቀለም ይቀባል። ከሁሉ በላይ ደግሞ እንደ መስተዋት የጠራ፥ ቀለም የሌለው ሽፋን ይደረብበታል። ለአውቶሞቢሉ ብሩህነት የሚሰጠው ይህ የጠራ ሽፋን ነው። ከታች ያለውንም ቀለም ከፀሐይ ብርሃንና ከዝናብ ይጠብቀዋል።

ይህ ሽፋን እጅግ ስስ ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ከ1000 እኩል ቢከፈል አንዱ ክፍል ማይክሮን ይባላል። የጠራው ሽፋን ውፍረት በብዙ አውቶሞቢሎች ላይ ከ40 እስከ 50 ማይክሮን ያህል ነው። የሰው ጠጉር ውፍረት ግን ብዙ ጊዜ 70 ማይክሮን ያህል ይሆናል። እንግዲህ የአውቶሞቢል ውበት የሚጠበቀው ከአንዲት ጠጉር በሚቀጥን ሽፋን ነው ማለት ነው።

ጥቁር ቀለም ለአውቶሞቢል እንግዳ አይደለም። በአሜሪካ የሄንሪ ፎርድ ፋብሪካ ሞዴል ቲ የተባለውን አውቶሞቢል በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1914 እስከ 1925 ድረስ በጥቁር ቀለም ብቻ ይሠራው ነበር። የጠራውን ሽፋን በቀለሙ ላይ መደረብ ግን ከ1980ዎቹ ወዲህ በብዙ ፋብሪካዎች የተለመደ ሥራ ሆነ። የጠራ ሽፋን የሌለው ጥቁር አውቶሞቢል ሲታሽ ጨርቁ ይጠቁራል፤ ቀለሙ ራሱ ይነሣልና። የጠራ ሽፋን ያለው ሲታሽ ግን ጨርቁ አይጠቁርም።

ጥቁር ቀለም ወደ ውስጡ የገባውን ብርሃን ይውጠዋል። ስለዚህ ከጥቁር አውቶሞቢል ወደ ዓይን የሚመለሰው ብርሃን አብዛኛው ከላይኛው ሽፋን የሚመለስ ነው። ሽፋኑ ልሙጥ ሲሆን እንደ ጥሩ መስተዋት ያሳያል፤ ሲጫር ግን በየጭረቱ ጠርዝ ብርሃን ይበተናል። የተበተነውም ብርሃን በጥቁሩ ላይ ነጭ ሆኖ ይታያል። በነጭ አውቶሞቢል ላይ እንደዚያ ያለ ጭረት ቢኖር ነጩ ከነጭ ጋራ ስለሚቀላቀል በቶሎ አይታወቅም። ስለዚህ ጥቁር አውቶሞቢል ከነጩ ይልቅ የተጫረ ይመስላል እንጂ፥ ነጩም ከጭረት ነጻ ነው ማለት አይደለም።

ጭረቶቹ በፀሐይ ምስል ዙሪያ ክብ ሠርተው ስለ ምን ይታያሉ? ጭረቶቹ በእውነት ወደ ሁሉም አቅጣጫ የተበታተኑ ናቸው። ነገር ግን ብርሃኑን ወደ ተመልካቹ ዓይን የሚመልሱት በብርሃኑ ዙሪያ በአግድም የተኙት ብቻ ናቸው። ስለዚህ ክብ መስለው ይታያሉ፤ ተመልካቹም ሲራመድ ክቡ አብሮት ይሄዳል።

ልጁ የቀባው ቅባትስ ምን አደረገ? ጭረትን አላጠፋም፤ ቦዩን ሞላው እንጂ። ቦዩ በቅባት ሲሞላ ብርሃኑ አይበተንም፤ ዓይንም ይታለላል። ነገር ግን ቅባት ይታጠባል፤ ጭረት ግን አይታጠብም።

3. ክረምት ገባ

ሰርጉ በደስታ አለፈ። ሰኔም ገባ፤ ዝናብም ዘነበ። አውቶሞቢሉ በዝናብ እየረጠበ፥ በሳሙናም እየታጠበ ሲሄድ፥ በጭረቶቹ ውስጥ ያለው ቅባት ጥቂት በጥቂት ለቀቀ። በሐምሌ ወር አንድ ጧት ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ በወጣች ጊዜ ነጋዴው ከቤቱ ብቅ አለ። ኮፈኑንም ባየ ጊዜ ቆመ፤ ጎንበስ ብሎ ተመለከተ፤ በጣቱም ዳሰሰው።

ሾፌሩንም ጠርቶ፦ «ይህን ማን አደረገው?» ብሎ ጠየቀው።

ሾፌሩም፦ «ጌታዬ፥ እኔ አላውቅም። እኔ ያለ ንጹሕ ውሃና ያለ ንጹሕ ጨርቅ አጥቤው አላውቅም» ሲል መለሰ።

ነጋዴው ግን ተቆጥቶ፦ «ይህ አውቶሞቢል ከአንተ በቀር በማን እጅ ነበረ? መጫርህ ሳያንስ አሁን ደግሞ ትዋሻለህ! ጭረቱን አስጠፍተህ ብታመጣ መልካም ነው፤ አለዚያ ግን ወሩ ሲያልቅ ሌላ ሾፌር እፈልጋለሁ» አለው።

ይህ ሾፌር አሮጊት እናቱንና በትምህርት ቤት ያሉ ሁለት ልጆቹን የሚያሳድረው በዚሁ ደመወዝ ነበር። እጅግ አዝኖ አውቶሞቢሉን ወደ ባለሙያው ጋራዥ አመጣ። ባለሙያውም መብራት አብርቶ ጭረቶቹን አየና ራሱን ነቀነቀ።

ሾፌሩም፦ «እባክዎ፥ ይህን ለማጥፋት ስንት ይበቃል? ከደመወዜ ጥቂት ጥቂት እያልሁ እከፍላለሁ። ደግሞም እስኪ ያስታውሱ፤ በግንቦት ከዚህ ሲወጣ እንዲህ ያለ ጭረት ነበረበትን?» አለው።

ባለሙያው የማያውቀውን የሚያውቅ መስሎት፦ «ወንድሜ፥ ሲገባ አብረን አይተነዋል። ከእጄም ሲወጣ ንጹሕ ነበር» ብሎ መለሰለት። ሾፌሩ ይህን በሰማ ጊዜ አንገቱን ደፋ፤ ሌላ ቃልም አልተናገረም። አውቶሞቢሉን በዚያው ትቶ በእግሩ ሄደ።

ባለሙያውም ወደ ልጁ ዘወር ብሎ፦ «እኔ ይህን ሰው ጠንቃቃ ነው ብዬ አስብ ነበር። እነሆ፥ ሰው ይሳሳታል» አለ። ልጁ ስፖንጅ ሲያጥብ ነበር። ስፖንጁ ንጹሕ ከሆነ በኋላም ማጠቡን አልተወም፤ ራሱንም ቀና ማድረግ አልቻለም።

4. ሳይደርቅ በእርጥቡ

በዚያች ሌሊት ልጁ እንቅልፍ አልወሰደውም። በአንድ ወገን፦ «ብናገር ጋሼ ያባርረኛል። እናቴም ሙያ ይማርልኛል ብላ የሰጠችኝ ተስፋዋ ከንቱ ይሆናል» ይላል። በሌላ ወገን ደግሞ፦ «ዝም ብል ያ ሰው እንጀራውን ያጣል። ልጆቹም እኔ ባጠፋሁት ይራባሉ» ይላል። አስቀድሞ ሐሰቱ ትንሽ መስሎት ነበር፤ የአንድ ጠርሙስ ቅባት ያህል። አሁን ግን በሌላ ሰው ጫንቃ ላይ የተጫነ ከባድ ሸክም መሆኑን አየ።

በነጋም ጊዜ በጉርሻው የገዛውን ጫማ ሊያደርግ አነሣው፤ ነገር ግን ማድረግ አልሆነለትም። አሮጌውን ጫማ አድርጎ ወደ ጋራዡ ሄደ። ባለሙያውም ገና በሩን ሲከፍት፦ «ጋሼ፥ የምነግርዎ ነገር አለ» አለው። ከዚያም ስለ ቧንቧው ውሃ፥ ስለ ወደቀው ጨርቅ፥ ስለ ቅባቱም ሁሉንም ነገረው። ከተናገረውም አንዳች አላስቀረም።

ባለሙያው ብዙ ጊዜ ዝም አለ። በኋላም እንዲህ አለው፦ «ልጄ፥ በደረቅ ጨርቅ መወልወልህ ችኮላ ነው፤ ችኮላ በትምህርት ይታረማል። በቅባት መሸፈንህ ግን ሐሰት ነው። በዚያኑ ቀን ብትነግረኝ ኖሮ በአንድ ቀን ሥራ በጠፋ ነበር። ሳይደርቅ በእርጥቡ፥ ሳይርቅ በቅርቡ ይባላል። አሁን ግን ጭረቱ ከአውቶሞቢሉ አልፎ የሰው ስም ላይ ደርሷል። እኔም ደግሞ ጥፋት አለብኝ። በመሸ ጊዜ ያለ መብራት አይቼ ጎበዝ አልሁህ፤ ትናንትም ሳልመረምር በንጹሕ ሰው ላይ መሰከርሁ። እንግዲህ ሁለታችን አብረን እንሄዳለን።»

ወደ ነጋዴው ቤት በደረሱ ጊዜ ባለሙያው ሊናገር ጀመረ፤ ልጁ ግን፦ «ጋሼ፥ ይፍቀዱልኝ፤ ያጠፋሁት እኔ ነኝና እኔ ልናገር» አለ። ወደ ነጋዴውም ቀርቦ፦ «አባባ፥ አውቶሞቢልዎን የጫርሁት እኔ ነኝ። ሾፌርዎ ምንም አላደረገም። እኔ ጭረቱን በቅባት ሸፍኜ ነበር» ብሎ ተናገረ፤ ድምፁም ይንቀጠቀጥ ነበር።

ነጋዴው አስቀድሞ ተቆጣ፤ ከዚያም ዝም አለ። ሾፌሩን አስጠርቶ በሁሉ ፊት፦ «ልጄ፥ በማታውቀው ነገር ሌባ እንደ ያዘ ሰው ጮኽሁብህ። ይቅር በለኝ» አለው። ሾፌሩም፦ «ይቅር ለእግዚአብሔር» ብሎ መለሰ፤ ነገር ግን ዓይኑ እንባ ሞልቶ ነበር። ባለሙያውም ያለ ዋጋ ሊያድሰው ቃል ገባ። ልጁም ከትምህርቱ ሰዓት ውጭ እየሠራ ለሥራው የሚያስፈልገውን ሁሉ ዋጋ ሊከፍል ተስማማ።

5. ጭረት የሚጠፋበት ሥራ

በማግሥቱ ሥራው ተጀመረ። ባለሙያው አውቶሞቢሉን ከፀሐይ አውጥቶ ጥላ ውስጥ አቆመው፤ በፀሐይ የጋለ ቀለም ሳሙናውንም መድኃኒቱንም ቶሎ ያደርቃልና። ሁለት ባልዲም አስቀረበ። በአንደኛው ባልዲ የአውቶሞቢል ሳሙና ያለበት ውሃ ነበረ፤ በሁለተኛው ባልዲ ንጹሕ ውሃ ብቻ ነበረ። ልጁ አስቀድሞ አውቶሞቢሉን በብዙ ውሃ አጠበው። ከዚያ ስላሳውን ጓንት በሳሙናው ውሃ እየነከረ ከጣራው ጀምሮ ወደ ታች አጠበ፤ ከሁሉ ይልቅ ጭቃና አሸዋ የሚበዛው ከታች ነውና። አንድ ስፍራ ባጠበ ቁጥር ጓንቱን አስቀድሞ በንጹሑ ውሃ ያለቀልቀው ነበር። እጁንም አላዞረም፤ በቀጥታ አሳለፈ እንጂ። ሲያደርቀውም በስላሳ ጨርቅ እየተጫነ ውሃውን አስመጠጠው።

ከታጠበ በኋላም በቀለሙ ላይ ተጣብቆ የቀረ ቆሻሻ ነበረ። ይህንንም እንደ ሊጥ የሚለጠጥ የቀለም ማጽጃ ጭቃ በሳሙና ውሃ እያርጠቡ በማንሸራተት አነሡት። ጭቃው ከእጅ ቢወድቅ አሸዋ ስለሚይዝ እንደገና አይሠራበትም። ጎማውንና ፕላስቲኩን ሁሉ፥ የበሩንና የኮፈኑንም ጠርዝ በሚለጠፍ ወረቀት ሸፈኑ፤ ሽፋኑ በጠርዝ ላይ ስስ ስለሆነ በቶሎ ይበሳልና።

ልጁ ወዲያው ኃይለኛውን መድኃኒት ሊያነሣ እጁን ዘረጋ። ባለሙያው ግን ከለከለው፤ «አስቀድሞ የለዘበው ይሞከራል። በለዘበው የሚጠፋውን በኃይለኛው ማጥፋት ሽፋኑን በከንቱ መብላት ነው» አለው። ኮምፓውንድና ፖሊሽ የሚባሉት መድኃኒቶች በውስጣቸው እጅግ የደቀቀ የሚሞርድ ብናኝ አለባቸው፤ ብዙ ጊዜም የአሉሚኒየም ኦክሳይድ ብናኝ ነው። ኮምፓውንድ ኃይለኛ ነው፤ ፖሊሽ ግን የለዘበ ነው።

ባለሙያው በኮፈኑ ላይ ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሚሆን ስፍራ ለየ። በስፖንጁ ላይ እንደ አተር ፍሬ የሚያህሉ ጥቂት የፖሊሽ ጠብታዎች አደረገ። ስፖንጁ የተተከለበት መኪና እየዞረ ደግሞም ወዲያና ወዲህ እየተወዛወዘ የሚሠራ ነበር፤ እንዲህ ያለው መኪና በአንድ ስፍራ ብቻ ከሚዞረው ይልቅ ቀለም ማቃጠሉ ያነሰ ነው። መኪናውን ከግራ ወደ ቀኝ፥ ቀጥሎም ከላይ ወደ ታች በዝግታ አሳለፈው። እያንዳንዱም መሥመር የፊተኛውን መሥመር እኩሌታ ይሸፍን ነበር። በየጊዜውም እጁን በቀለሙ ላይ አድርጎ እንዳይግል ይመረምር ነበር።

ከጠረገውም በኋላ ወዲያው አላመሰገነም። አልኮል የተቀላቀለበት ውሃ በጨርቅ አድርጎ ስፍራውን ጠረገው። ልጁም፦ «ጋሼ፥ ይህ ስለ ምን ነው?» ብሎ ጠየቀ። ባለሙያውም፦ «በፖሊሹ ውስጥ ቅባት አለ። ቅባቱ ሳይጠረግ ብናይ ጭረቱ መጥፋቱንና መሸፈኑን መለየት አንችልም» አለው። ልጁም የምን ቅባት እንዳሰበ አውቆ ዝም አለ። ከዚያ መብራት አብርተው በአግድም ተመለከቱ፤ የሸረሪት ድር የሚመስሉት ጭረቶች ጠፍተው ነበር።

ባለሙያውም እንዲህ ሲል አስተማረው፦ «እኛ ጭረቱን የሞላነው ይመስልሃል፤ እንደዚያ አይደለም። ጭረት ትንሽ ቦይ ነው። ቦዩ እንዲጠፋ በዙሪያው ያለው ሁሉ እስከ ቦዩ ወለል ድረስ ዝቅ ይላል። እንግዲህ በየጊዜው ስናሽ ከሽፋኑ ጥቂት ማይክሮን እንወስዳለን፤ የወሰድነውንም መልሰን አንሰጠውም። ስለዚህ ይህ ሥራ ለአንድ አውቶሞቢል ብዙ ጊዜ የሚደጋገም አይደለም። ጭረትን ከማጥፋት ይልቅ አለመጫር ይሻላል።»

እንዲህ እያሉ ስፍራ በስፍራ ሦስት ቀን ሙሉ ሠሩ። ስፖንጁም በቆሸሸ ጊዜ ይለወጥ ነበር። ልጁ በመጀመሪያው ቀን ስለ ሥራው ዝግታ ተከፋ፤ በሁለተኛው ቀን ለመደው፤ በሦስተኛው ቀን ግን ባለሙያው፦ «በቃ፥ ይህ ስፍራ አልቋል» ሲለው፦ «ጋሼ፥ እስኪ አንድ ጊዜ በመብራት ልየው» አለ።

6. የቀረችው ጭረት

ሁሉም ካለቀ በኋላ በበሩ ላይ ያለችው ረዥም ጭረት ቀረች። ቀጥናለች፥ ደብዝዛለች፤ ነገር ግን አልጠፋችም። ልጁም፦ «በኃይለኛው መድኃኒት ደግሜ ልሽ» አለ።

ባለሙያውም፦ «ጥፍርህን በላይዋ በቀስታ አሳልፍ» አለው። ልጁም ባሳለፈ ጊዜ ጥፍሩ ተያዘ። ባለሙያውም፦ «ጥፍር የምትይዝ ጭረት ጥልቅ ናት። እርስዋን ለማጥፋት ብዙ ብታሽ የጠራውን ሽፋን ትጨርሳለህ። ያን ጊዜ ፀሐይ ቀለሙን ያበላሸዋል፤ በሩም ሁሉ እንደገና መቀባት ይሆንበታል። አንዲትን ጭረት ለማጥፋት በሩን ሁሉ ማጥፋት ጥበብ አይደለም። ትቅር» አለው። ከዚያም የቀረውን ሽፋን እንዲጠብቅ አውቶሞቢሉን ሁሉ ሰም ቀቡት።

ነጋዴውና ሾፌሩ አውቶሞቢሉን ሊወስዱ መጡ። በፀሐይ ሲያዩትም እንደ ረጋ ውሃ ያበራ ነበር። ነጋዴውም፦ «እነሆ አዲስ ሆነ!» አለ። ያን ጊዜ ልጁ ማንም ሳይጠይቀው ወደ በሩ ሄዶ በጣቱ እያሳየ፦ «አባባ፥ አንዲት ጭረት ቀርታለች። ጥልቅ ስለሆነች ልናጠፋት አልቻልንም» አለ።

ነጋዴው ጎንበስ ብሎ አያት። መነጽሩን ካላደረገ በቀር አትታየውም ነበር። ቀና ብሎም፦ «ልጄ፥ አንተ ያሳየኸኝ ጭረት አያሳዝነኝም፤ የሚያሳዝነኝ የሸፈንኸው ነበር» አለው።

ሾፌሩም ሊነሣ ሲል ልጁ ያን አዲስ ጫማ በወረቀት እንደ ተጠቀለለ አቀረበለትና፦ «ወንድም ጋሼ፥ ይህ በጉርሻዎ የተገዛ ነው፤ አይገባኝም ነበር» አለው። ሾፌሩ ግን እጁን በልጁ ትከሻ ላይ አድርጎ፦ «ያን ጊዜ አልተገባህም ይሆናል፤ በዚህ በሦስት ቀን ሥራ ግን ተገብቶሃል። አድርገው» ብሎ መለሰለት። ልጁም ጫማውን አደረገ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚያ ጋራዥ ደጅ ሁለት ባልዲዎች ሁልጊዜ ውሃ ተሞልተው ይቀመጡ ነበር። የቧንቧው ውሃ ቢቋረጥም ማንም በደረቅ ጨርቅ አይወለውልም ነበር። ጨርቅ ከመሬት ቢወድቅም ልጁ ለይቶ ወደሚታጠበው ያኖረው ነበር።

የሰው ጥፋት እንደ ጭረት ነው። በቅባት የተሸፈነ ለጊዜው አይታይም፤ ክረምት ሲመጣ ግን ይገለጣል፤ ሲገለጥም ብዙ ጊዜ የሚጎዳው ሌላ ሰው ነው። በትዕግሥትና በእውነት የታሸ ጥፋት ግን ይጠፋል፤ ሁሉ ባይጠፋም እንኳ የቀረው አያሳፍርም። አባቶችም፦ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ብለዋል።

ጥያቄ

1. ልጁ አውቶሞቢሉን በደረቅ ጨርቅ ስለ ምን ወለወለው?
2. በጥቁር ቀለም ላይ ጭረት ከነጭ ይልቅ የሚታየው ስለ ምን ነው?
3. ጭረትን በመሸፈንና ጭረትን በማጥፋት መካከል ያለው ልዩነት ምንድር ነው?
4. በልጁ ጥፋት ማን ተጎዳ?
5. ባለሙያው ፖሊሹን በአልኮል ውሃ ስለ ምን ጠረገው?
6. የመጨረሻይቱን ጭረት ስለ ምን ተዋት?